ሴንት ሉዊስ ደግሞ ምን አለ? ጥያቄና መልስ

ቺካጎ ልሄድ ነው ስትሉ ማንም «ለምን?» አይላችሁም። ሴንት ሉዊስ ስትሉ ግን ሁሉም «እዚያ ደግሞ ምን አለ?» ይላል። ሚዙሪ ውስጥ፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ያለችውን ከተማ ማለቴ ነው። ከተማዋን አውቃታለሁና ጥያቄ ያላችሁ ወዲህ በሉ ብዬ ነበር። የመጡትን እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

ጥያቄ፦ እውነቱን ንገረኝ ወንድሜ። አርቹ (ወንዙ ዳር ያለው ግዙፉ የብረት ቅስት) ሥር ፎቶ ተነስቶ ከመመለስ ሌላ ምን ይሠራል?

መጀመሪያ ፎረስት ፓርክ ሂድ። ከ500 ሄክታር በላይ ነው፤ የኒውዮርኩን ሴንትራል ፓርክ ይበልጠዋል። ዙው (የእንስሳት ማሳያው)፣ የሥነ ጥበብ ሙዚየሙና የታሪክ ሙዚየሙ እዚያው ናቸው፤ የሳይንስ ማዕከሉም ከፓርኩ ጋር የተያያዘ ነው። የአራቱም መግቢያ ነፃ ነው። «ረቡዕ ብቻ» ወይም «ለነዋሪ ብቻ» የሚባል ነገር የለም። ከአዲስ አበባም ና ከዴንቨር፣ ዝም ብለህ ትገባለህ።

ነፃ የሆነው በዕድል አይደለም። የከተማውና የካውንቲው (በዙሪያው ያለው ለብቻው የሚተዳደር አውራጃ) ሕዝብ ከ1971 ጀምሮ ከቤት ግብሩ ላይ ለእነዚህ ተቋማት ይከፍላል፤ ራሱ ድምፅ ሰጥቶ ያጸደቀው ነው። የሥነ ጥበብ ሙዚየሙ በር አናት ላይ «ለጥበብ የተሰጠ፣ ለሁሉም ነፃ» የሚል ተቀርጿል። አራት ልጅ ይዞ ሌላ ከተማ ሙዚየም በር ላይ የቆመ ወላጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ዙው ጋ ፓርኪንግ ያስከፍላሉ፤ ውስጥ ያለው ባቡርና አንዳንድ ትርኢትም እንደዚያው።

ጥያቄ፦ ትንሽ ከተማ አይደለች እንዴ? ይህን ሁሉ ከየት አመጣችው?

ትንሽ ሆና አልተፈጠረችም። በ1900 ከአሜሪካ ከተሞች በሕዝብ ብዛት አራተኛ ነበረች። በ1904 የዓለም ኤግዚቢሽን አዘጋጀች። የሥነ ጥበብ ሙዚየሙ ሕንፃ የዚያን ጊዜ የተሠራ ነው። ዙው ውስጥ በእግር የምታቋርጠው ትልቁ የወፎች ቤትም እንዲሁ። በ1950 ከ850 ሺህ በላይ ሰው ይኖርባት ነበር፤ ዛሬ ከ300 ሺህ በታች ነው። ሰው ወደ ዳር ዳር ወጣ፣ ፋብሪካው ተዘጋ፣ ሕንፃው ቀረ። ለነዋሪው መራራ ታሪክ ነው። ለእንግዳ ግን የትልቅ ከተማ ሀብት ያለ ግፊያ ማየት ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ኦሎምፒክ ተካሂዶባታል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ በዚያው በ1904። ሩጫ የምትወዱ ሁሉ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብታችሁ ፍራንሲስ ፊልድን እዩ። ከፎረስት ፓርክ ጥግ ላይ ነው። ማራቶኑ ተነስቶ ያበቃው እዚያ ነበር። ሜዳው ዛሬም አለ፤ ተማሪዎች ይሮጡበታል።

የዚያን ቀን ማራቶን ግን ጉድ ነው። ነሐሴ፣ ሐሩር፣ አቧራማ የገጠር መንገድ፤ ውሃ የለም ማለት ይቀላል። 32 ሯጮች ተነሱ፣ የጨረሱት 14 ናቸው። ፍሬድ ሎርዝ የሚባል አሜሪካዊ ደከመውና መኪና ላይ ወጣ። ረጅም መንገድ በመኪና ሄዶ መጨረሻ ላይ ወርዶ ሮጠና ሜዳው ውስጥ አንደኛ ሆኖ ገባ! ሊሸለም ሲል ተነቃበት። ያሸነፈው ቶማስ ሂክስም ቢሆን በመንገድ ላይ ረዳቶቹ ስትሪክኒን የሚባል መርዝ፣ በጥቂቱ እንደ ማነቃቂያ፣ ከእንቁላልና ከብራንዲ ጋር እየሰጡ ነው የነዱት። የገባው ከ3 ሰዓት ተኩል ትንሽ በሚያንስ ጊዜ ነው፤ ያውም ርቀቱ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነበር። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ ሙሉውን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ጨርሷል፤ ያውም በባዶ እግሩ።

እኔን የሚይዘኝ ግን ሌላ ነው። ከሯጮቹ ሁለቱ፣ ሌን ታውንያኔና ጃን ማሺያኒ፣ ከደቡብ አፍሪካ የመጡ ጽዋናዎች ነበሩ። በኦሎምፒክ የተወዳደሩ የመጀመሪያዎቹ ጥቁር አፍሪካውያን ይባላሉ። የመጡት ለሩጫ አይደለም፤ ኤግዚቢሽኑ ውስጥ ለሚታይ የቦር ጦርነት (እንግሊዞችና ቦር የሚባሉት ነጭ ሰፋሪዎች ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዋጉት) ትርኢት ነው። ዘጠነኛና አሥራ ሁለተኛ ወጡ። ኤግዚቢሽኑ ሰውን ራሱን ለእይታ ያቆመ ነበር፤ ኮንጎአዊው ኦታ ቤንጋ ከታዩት አንዱ ነው። ስለዚህ ፓርኩ ውስጥ ሲዝናኑ ይህንንም ማወቅ ደግ ነው።

ጥያቄ፦ ወንጀሉስ? ሰው ሁሉ ያስፈራራኛል።

የሚያስፈራሩሽ ከሜዳ አላመጡትም። ግን ስለ ቁጥሩ አንድ ነገር እወቂ። ከተማዋ በ1876 ከካውንቲው ተለይታ ድንበሯ እዚያው ላይ ቀረ። ስለዚህ የሚቆጠረው መሃሉ ብቻ ነው፤ በዙሪያው የሚኖረው ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አይገባበትም። ሌሎች ከተሞች ሰላማዊ ዳርቻቸውን ጨምረው ይቆጥራሉ። ደግሞም ቀንሷል፦ በ2020 263 ሰው ተገድሎ ነበር፣ በ2024 150። ይህም ብዙ ነው፤ አላሳንሰውም።

እንግዳን የሚያጋጥመው ይልቅ የመኪና መስታወት ሰበራ ነው። መኪና ውስጥ ምንም እንዳትተዪ። ባዶ ቦርሳም ቢሆን፣ የቻርጀር ገመድም ቢሆን።

ጥያቄ፦ ልጆቼ አርቹ ላይ ካልወጣን ይላሉ። ጉልበቴ ያመኛል፣ የተዘጋ ቦታም አልወድም። ልውጣ?

እናቴ፣ እርስዎ ታች ይቆዩ። ወደ ላይ የሚወስደው እንደ እንቁላል ጠባብ የሆነ ክፍል ነው። አምስት ሰው ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ ይቀመጣል፤ በሯ ትንሽ ስለሆነች ጎንበስ ብለው ነው የሚገቡት። 4 ደቂቃ ያህል እየተንቋቋ ይወጣል። ክፍሉ ጋ ለመድረስም ደረጃ አለ። ከ192 ሜትር ላይ የሚታየው ደስ ይላል፤ በአንድ በኩል ወንዙ፣ በሌላ በኩል ከተማው። ልጆቹ ይውጡ፤ ትኬቱ ቀድሞ ስለሚያልቅ አስቀድመው ይቁረጡላቸው። ከሥሩ ያለው ሙዚየም ነፃ ነው፣ ወንበርም አለው። ሲወጡ ደግሞ አሮጌውን ፍርድ ቤት ይዩ፤ ቅርብ ነው። ድሬድ ስኮትና ሚስቱ ሃሪየት ከባርነት ነፃ ለመውጣት በ1846 ክስ የመሠረቱበት ነው። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1857 ተፈረደባቸው፤ ፍርዱም አገሪቱን ወደ እርስ በርስ ጦርነት ከገፏት ነገሮች አንዱ ሆነ።

ጥያቄ፦ በጾም ብመጣ ምን እበላለሁ?

ሳውዝ ግራንድ የሚባል መንገድ አለ። የቬትናም ምግብ ቤቶች አሉበት፤ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ እንደ አይብ ያለ ምግብ) እና አትክልት አይጠፋም። ሐላል ለምትሉ ደግሞ ቤቮ ሰፈር ሂዱ። በ1990ዎቹ ከጦርነት የሸሹ ቦስኒያውያን የሰፈሩበት ነው፤ ዳቦና ጥብሳቸው ይመሰገናል። የከተማዋ የራሷ ምግብ ግን ፍስክ ነው፦ ሂል በሚባለው የጣሊያኖች ሰፈር የተጠበሰ ራቪዮሊ (ውስጡ የተሞላ ፓስታ)፣ ቅቤ የጠገበ ኬክ፣ ቴድ ድሩስ ጋ የሚሸጠው ወፍራም አይስክሬም። ሻጩ ከመስጠቱ በፊት ኩባያውን ይገለብጠዋል። ጠብ አይልም። ፒዛቸውን ግን አልመክርም፤ አይቡ ጥርስ ላይ ይጣበቃል። የአገሩ ሰው ይህን ሲሰማ ይቆጣል።

ጥያቄ፦ ለልጆች?

ሲቲ ሙዚየም። ስሙ አያታላችሁ፣ የድሮ ጫማ ፋብሪካ ውስጥ የተሠራ፣ ልጆች የሚወጡበትና የሚንጠላጠሉበት መጫወቻ ነው። አሥር ፎቅ የሚወርድ መንሸራተቻ አለው። ይህኛው ይከፈልበታል። ጉልበታችሁ እንዳይላጥ ረጅም ሱሪ ልበሱ።

ጥያቄ፦ ሌላ ሰው የማይነግረን አንድ ቦታ?

ሁለት ልበል። አንዱ የካቶሊኮቹ ካቴድራል ባሲሊካ ነው። ግድግዳና ጣሪያው በ41 ሚሊዮን የመስታወት ቁራጮች ተሸፍኗል፤ ሥራው ከ1912 እስከ 1988 ፈጀ። ሌላው ካሆኪያ ነው፣ ወንዙን ተሻግሮ ኢሊኖይ ውስጥ፣ በመኪና ሩብ ሰዓት ያህል። ነጮች ከመምጣታቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የአገሬው ሕዝብ ከተማ ነበር። ላሊበላ ሳይታነጽ እዚያ አፈር በቅርጫት እየተሸከሙ 30 ሜትር የሚሆን ጉብታ ገንብተዋል። ደረጃውን ወጥታችሁ አርቹን ከሩቅ ታዩታላችሁ።

ጥያቄ፦ መቼ ልምጣ?

ጥቅምት። ሐምሌና ነሐሴ ወበቁ አያስቆምም።

ጥያቄ፦ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ቺካጎ ነው የምወርደው። በባቡር ወይስ በመኪና?

ርቀቱ 480 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሁለቱም አምስት ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። ብቻህን ከሆንክ ባቡሩ ይሻላል። መሃል ከተማ ያወርድሃል፣ ከዚያ ሜትሮሊንክ (የከተማው ቀላል ባቡር) ፎረስት ፓርክ ያደርስሃል። ቤተሰብ ካለህ መኪና ተከራይ፤ ካሆኪያና ቤቮ ያለ መኪና ያስቸግራሉ። የባቡር ትኬት ቀደም ብለህ ስትቆርጥ ይረክሳል።