ጠፍጣፋው ቀንድ አውጣ፣ የድንጋይ ዛጎልና ነጩ ዱቄት

ጥያቄ፦ ከሚሴ አካባቢ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። በመስኖ ቦያችን ብዙ ዓይነት ቀንድ አውጣ አለ። ብልሃርዝያ የሚያስተላልፈው የትኛው ነው? ተሸካሚ መሆኑን በትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ማየት ይቻላል? እንዶድ ብንጨምርበትስ?

መልስ፦ ማየት ይቻላል፤ ልቀማውን ግን ተማሪዎች አይሥሩት። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው የብልሃርዝያ ትል እጭ፣ ሰርካሪያ የሚባለው፣ ጤነኛ ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ በስቶ ይገባል። ቦዩ ዳር የሚወርደው ቦት ጫማና እስከ ክርን የሚደርስ የጎማ ጓንት ያደረገ አዋቂ ይሁን፤ ረጅም እንጨት ላይ የታሰረ ወንፊት ይበቃዋል። ውኃ ከነካው በራሱ እስኪደርቅ ሳይጠብቅ በፎጣ አሽቶ በአልኮል ይጥረገው።

ለመለየት የዛጎሉን ጫፍ ወደ ላይ፣ አፉን ወደ እርስዎ አድርገው ይያዙት። ጫፍ የሚባል ከሌለው፣ እንደ ተጠቀለለ ቀበቶ ጠፍጣፋ ከሆነና ካደገ በኋላ ስፋቱ 1 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ከሆነ ባዮምፋላሪያ ነው። የአንጀት ብልሃርዝያን የሚያስተላልፈው እሱ ስለሆነ የእናንተም ጉዳይ ከእሱ ጋር ነው። ሾጣጣ ሆኖ አፉ በቀኝ ከዋለ ሊምኒያ ሊሆን ይችላል፤ የከብትና የበግ የጉበት ትል በእሱ በኩል ስለሚያልፍ ለእንስሳት ሐኪም መንገሩ አይከፋም። አፉ በግራ ከዋለ ቡሊነስ ወይም ፋይዛ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፋይዛ የሚያብለጨልጭ ነው፤ በሕይወት ሳለ ከዛጎሉ ጠርዝ ላይ ጣት የመሰሉ የሥጋ ዘርፎች ሲወጡ ይታያሉ። ቡሊነስ እነዚህ የሉትም። በቡሊነስ የሚተላለፈው የሽንት ብልሃርዝያ በአገራችን የሚታወቀው እንደ አዋሽ ሸለቆ ባሉ ቆላዎች ነው።

ምርመራው ብዙ ቀንድ አውጣ ይፈልጋል። በተበከለ ቦይ እንኳ እጭ የሚያፈሱት አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ ጥቂቶቹ ስለሆኑ፣ አምስት ስድስት አይቶ «የለም» ማለት አይቻልም። ሥራው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ደግሞ በውኃው ነው። የቧንቧ ውኃ ክሎሪኑ እንዲወጣ ሰፊ አፍ ባለው ዕቃ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ተከፍቶ ይቀመጥ። ቀንድ አውጣዎቹን አጥበው ጨለማ ውስጥ ያሳድሯቸው። በማግስቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ እያንዳንዱን ለየብቻው 10 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ ባለው የመስታወት ብልቃጥ ከትተው ብርሃን ባለው መስኮት አጠገብ ለ2 ሰዓት ይተዉት። ሰዓቱ ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ የአንጀት ብልሃርዝያ እጭ በብዛት የሚፈሰው ከረፋዱ እስከ ቀትር ነው። ቀጥታ ፀሐይ ላይ አያስቀምጡት፤ ትንሽ ውኃ ቶሎ ይሞቅና ቀንድ አውጣው ይሞታል።

ከብልቃጡ ጀርባ ጥቁር ጨርቅ አድርገው በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ። ነጫጭ ነጥቦች ሲዋኙ ካዩ አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ ያድርጉና ትንሽ አዮዲን ይጨምሩ። አዮዲኑ እጩን ገድሎ ቀለም ይሰጠዋል። በ40 እጥፍ ሲታይ የብልሃርዝያ እጭ ጭራው ጫፉ ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። የወፎችና የከብቶች ትሎችም ተመሳሳይ ጭራ ያለው እጭ ስላላቸው ግን የመጨረሻው ቃል የላቦራቶሪ ነው። ምንም ካልታየ ቀንድ አውጣዎቹን የተቀቀለ ሰላጣ እያበሉ በየሳምንቱ ለ4 ወይም ለ5 ሳምንት ደግመው ይመርምሩ፤ ትሉ ቀንድ አውጣው ውስጥ ከገባ በኋላ እጭ እስኪወጣ ያን ያህል ጊዜ ይፈጃል። ሲጨርሱ ብልቃጦቹ ላይ የፈላ ውኃ ያፍስሱ።

ስለ እንዶድ፦ ቀንድ አውጣ ገዳይነቱን ለሳይንስ ያስተዋወቁት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተከማችተው አዩ። ኃይሉ ያለው ፍሬው ላይ ነው፤ ፍሬውም ሳይበስል፣ ገና አረንጓዴ ሳለ ይለቀማል። ደርቆ ይወቀጥና በውኃ ይበጠበጣል። ጉድለቱ የቀንድ አውጣውን እንቁላል አለመግደሉ ነው። እንቁላሉ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ስለሚፈለፈል አንድ ጊዜ ጨምሮ መተው ልፋት ብቻ ነው። ባዮምፋላሪያ ወንድም ሴትም ስለሆነ ብቻውን ይራባል፤ አንድ ከተረፈ ቦዩን እንደገና ሊሞላው ይችላል። ቦዩን ማድረቅም ብቻውን አይበቃም፤ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ለሳምንታት ይቆያል። እንዶድ ዓሣም ይገድላል፤ ስለዚህ ወደ ሐይቅ በሚገባ ጅረት ውስጥ በፍጹም አይጨመር፤ ቆሮሶውን ጨርሳችሁ ቀንድ አውጣው ይተርፋችኋል። ከጤና ጣቢያውና ከግብርና ባለሙያው ጋር ሳይመክሩ አይጀምሩ። እስከዚያው ሣሩን ከቦዩ ዳር ማጨድ፣ ልጆች እንዳይዋኙ መከልከልና ሽንት ቤት መጠቀም የበለጠ ይሠራል።

ጥያቄ፦ በጃማ ሸለቆ ነጣ ካለ ድንጋይ ውስጥ ዛጎል የመሰለ ነገር አየን። ባሕር እዚህ ደርሶ ነበር?

መልስ፦ ደርሶ ነበር። በዓባይ ገባሮች ሸለቆ ሥር የሚታየው የኖራ ድንጋይ የጁራሲክ ዘመን የባሕር ደለል ነው፤ ዕድሜው ከ150 ሚሊዮን ዓመት ያላነሰ ነው። ከላይ የተደራረበው ጥቁር ድንጋይ ግን የእሳተ ገሞራ ነው፤ ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ይሆነዋል። ለሁለቱም ስም ካወጡት አንዱ ብላንፎርድ ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ መቅደላ የመጣ የሥነ ምድር ባለሙያ ሲሆን፣ የኖራውን ድንጋይ በእንጣሎ፣ ከጥቁሩ ድንጋይ አንዱን ክፍል በመቅደላ ሰይሟል።

ያያችሁት ዛጎል የማን እንደሆነ ሳትነቅሉት መገመት ትችላላችሁ። ባለ ሁለት ክዳን ከሆነ አንዱን ክዳን ፊት ለፊት እዩት። ከመሐሉ ቢከፈል ግራና ቀኙ እኩል ከሆነ ብራኪዮፖድ ሳይሆን አይቀርም፤ ከቀንድ አውጣ ጋር የማይዛመድ ሌላ ወገን ነው። አንድ ክዳን ብቻውን ግራና ቀኙ የተዛባ ሆኖ ሁለቱ ክዳኖች እርስ በርስ የሚመሳሰሉ ከሆነ የቀንድ አውጣ ዘመድ፣ ባለ ሁለት ክዳን ሞለስክ ነው። ኦይስተርን የመሰሉ ከዚህ ደንብ የሚወጡ አሉ። በመዶሻ አትንኩት፤ ቅሪተ አካል የአገር ቅርስ ነው፤ ከቦታው ከተነቀለ ደግሞ የየትኛው ንብርብር እንደሆነ ማወቅ ያስቸግራል። ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሱ፤ ከገደሉ ግርጌ ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ጻፉና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም አሳውቁ።

ጥያቄ፦ የአያቴ ዛጎል የተሰፋበት ቆዳ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ዛጎሉ ላይ ነጭ ዱቄት ወጣ። በሎሚ ልጠበው?

መልስ፦ በሎሚም በኮምጣጤም አይንኩት። ዛጎል ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ አሲድ ያሟሟዋል። ዱቄቱም የመጣው ከአሲድ ነው። ከእንጨት ሣጥንና ከካርቶን የሚወጣ የአሲድ ትነት እርጥበት ሲያገኝ ዛጎሉን በልቶ ጨው ያደርገዋል። ከሣጥኑ ያውጡት፤ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ዱቄቱን ያራግፉ። ቆዳው ስለሚበላሽ ውኃ ውስጥ አይንከሩት። ከዚያ በንጹሕ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው ነፋስ በሚያገኘው ደረቅ የብረት መደርደሪያ ላይ ያኑሩት። የጠፋው ልስላሴ አይመለስም፤ የቀረው ግን ይተርፋል።