ክራሬን አውጥተው ስሜን ተዉልኝ

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበቱ። ጽሑፎችዎን የማነበው ታክሲ ውስጥ ነው። ይሄ ጣጣም የጀመረው ታክሲ ውስጥ ነው።

31 ዓመቴ ነው። ግጥምና ዜማ እሠራለሁ፣ አቀናብራለሁ፣ ሚክስም የማደርገው፣ ማለትም የተቀዱትን ድምፆች አመጣጥኜ የማዋህደው፣ ራሴ ነኝ። ስቱዲዮዬ አራት ኪሎ አካባቢ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ግድግዳው ላይ ስፖንጅ፣ በሩ ላይ የእናቴ አሮጌ ብርድ ልብስ። በፊት ካዛንቺስ ነበርኩ፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ዕቃዬን ይዤ ወጣሁ።

ሥራዬን የሚያውቁ ጓደኞቼ ዘፈኑ ገና ከመጀመሩ «ይሄማ ያንተ ነው» ይሉኛል። ክራሩን የምቀዳው ማይኩን በጣም አስጠግቼ ነው፤ ጣት ገመዱ ላይ ሲንሸራተት ይሰማል። ቤዙ ከከበሮው ለጥቂት ዘግይቶ ይገባል። አዝማቹ ከመመለሱ በፊት ደግሞ ሁሉንም ዝም አሰኛለሁ፤ ለአንድ ትንፋሽ ያህል።

ባለፈው ዓመት ለአንዲት ድምፃዊት አንድ ዘፈን ሠራሁ። ፕሮዲውሰሯ «ትንሽ የምናስተካክላት ነገር አለች» ብሎ ሙሉ ፕሮጀክቱን፣ እያንዳንዱ ድምፅ ለየብቻ የተቀመጠበትን ፋይል፣ በፍላሽ ወሰደ። ውል የለንም፤ በመተማመን ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስሄድ ታክሲው ውስጥ ተከፈተ። ዜማውን ባላውቀው ኖሮ የሌላ ሰው ነው እል ነበር። ክራሩ የለም፤ በምትኩ ኪቦርድ ገብቷል። ዝምታዋን በትራምፔት ሞልተዋታል። ፍጥነቱ ጨምሯል፤ ድምጿ ላይ ኦቶቲዩን፣ ያ ቅላጼ የሚያስተካክለው ሶፍትዌር፣ ተለጥፏል። ረዳቱ «አሪፍ ዘፈን ናት» እያለ አብሮ ያዜማል። ዩቲዩብ ላይ ገብቼ ሳይ ደግሞ «ቅንብር» ከሚለው ጎን ስሜ ተጽፏል።

አሁን ያው ሰውዬ ለስድስት ዘፈን ጠርቶኛል። ብሩ ጥሩ ነው፤ ባለቤቴ ደግሞ ለመውለድ ሁለት ወር ቀርቷታል። «ሚክሱን ግን ለኛ ተወው» ይላል። እኔ ከዜማው እስከ ማስተሪንጉ፣ ዘፈኑ ከመውጣቱ በፊት እስከሚደረግለት የመጨረሻ የድምፅ ማጣሪያ ድረስ፣ ካላዘዝኩ አልሠራም ልለው ነው። እናቴ «የምትፈልገው እንጀራ ነው ዙፋን?» አለችኝ። እርስዎስ ምን ይሉኛል?

ክራሩ የወጣበት፣ ከአራት ኪሎ

መልስ

ወንድሜ፣

ሁለቱን ቅጂ ከደብዳቤህ ጋር ስለላክህልኝ አመሰግናለሁ። መጀመሪያ በስልኬ፣ ቀጥሎ በእህቴ ልጅ ሄድፎን ሰማኋቸው። ያንተ ይሻላል። አንድ ነገር ላይ ግን ሰዎቹ ልክ ነበሩ፤ እሱን ቆይቼ እነግርሃለሁ።

«ፕሮዲውሰር» የሚለው ቃል እኛ አገር ሲመጣ ሥራ ቀይሯል። ውጭ አገር ስቱዲዮ ቁጭ ብሎ ዘፈኑ ምን እንደሚመስል የሚወስነው ሰው ነው። እኛ ጋ ከካሴት ዘመን ጀምሮ ብር የሚያወጣው፣ አሳትሞ የሚያከፋፍለው ነው። አንተን አቀናባሪ ነው የምንልህ። ስለዚህ «ሁሉንም እኔ ልዘዝ» ስትለው እሱ የሚሰማው «ብርህን አስቀምጥና ውጣ» የሚል ነው። ገና ሳትጀምሩ ትጣላላችሁ።

ሙላቱ አስታጥቄን አስበው። ቪብራፎኑን (በዘንግ የሚመታውን ባለ ብረት መሣሪያ)፣ የኛን ቅኝት ከጃዝ ጋር ያጋባበትን መንገድ ማን ይስተዋል? ግን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጣው የኢትዮ ጃዝ አልበም የታተመው በአምሃ እሸቴ ድርጅት ነው። አምሃ ነጋዴ ነበር፤ ያውም ደፋር ነጋዴ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ፣ በራሱ ማሳተም የጀመረ ሰው ነው። ድርጅቱ የአምሃ፣ ድምፁ የሙላቱ።

ተቃራኒውም አለ። አሜሪካዊው ዘፋኝ ፕሪንስ እ.ኤ.አ. በ1978 የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ ዜማውም፣ ቅንብሩም፣ ጨዋታውም የራሱ ነበር። ማስተሩ፣ ማለትም ዋናው ቅጂ፣ ግን ያሳተመለት ኩባንያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጉንጩ ላይ «ባሪያ» ብሎ ጽፎ አደባባይ የወጣው ከዚያው ኩባንያ ጋር ተጣልቶ ነው። የያዝከው የሙላቱን የድምፅ ጉዳይ ነው ወይስ የፕሪንስን የባለቤትነት ጸብ? ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብኩት፤ ስለ ባለቤትነት አንድ መስመር የለበትም። የሚያንገበግብህ የድምፁ ነገር ነው። እንግዲያው እሱን ብቻ ጠይቅ።

እዚህ ላይ ሚክሱ ያለው ቦታ ትልቅ ነው። አንዳንድ አቀናባሪ ዜማውን ጽፎ ትራምፔትና ሳክሱን ከደረደረ በኋላ ማንም ሚክስ ቢያደርገው መልኩ አይጠፋም። አንተ እንደዚያ አይደለህም። የጣት መንሸራተት፣ የዘገየ ቤዝ፣ አንድ ትንፋሽ ባዶ ቦታ። ሦስቱም በአንድ ከሰዓት ሊጠፉ ይችላሉ፤ የሚያጠፋቸውም ሰው ተንኮለኛ መሆን የለበትም። ቤዙ ዘግይቶ ሲያየው ስህተት ይመስለዋል፣ ከከበሮው ጋር ያስተካክልልሃል። የጣቱን ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ያጸዳልሃል። ባዶ ቦታ ሲያይማ ብሩን የከፈለው ሰውዬ ራሱ «እዚህ ምን ጎደለ?» ይላል። ስለዚህ ሰውዬው «ሚክሱን ተወው» ላለህ መልሴ አትተወው ነው።

ሌላውን ግን ልቀቅ። ማስተሪንጉን ይውሰዱት። ክሊፑን፣ ፖስተሩን፣ የሚለቀቅበትን ቀን ይወስኑ። የልጅቷ ቅላጼ የልጅቷ ነው፤ እሷ ላይ አትዘዝ። አሜሪካዊው ዘፋኝ ስቲቪ ወንደር 21 ዓመት ከሞላው በኋላ ከሙዚቃ አሳታሚው ከሞታውን ጋር እንደገና የተዋዋለው የፈለገውን የመሥራት ነፃነት አስገብቶ ነው። ከዚያ በኋላ አብዛኛውን መሣሪያ ራሱ ተጫወተ። ሲንተሳይዘሩን፣ በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥረውን መሣሪያ፣ የሚያዘጋጁለት ሁለት ሰዎች፣ ማልኮም ሴሲልና ሮበርት ማርጎሌፍ፣ ግን ከጎኑ አልጠፉም። የዚያ ዘመን አልበሞቹን ድምፅ ያለእነሱ ማሰብ ይከብደኛል። አንተም ጥሩ ሚክስ የሚያደርግ ሰው አጠገብህ ቢቀመጥ አትሸማቀቅ። የመጨረሻውን ቅጂ ሰምተህ «ይውጣ» የምትለው አንተ ከሆንክ ይበቃል።

ይሄ ሁሉ በወረቀት ይሁን። ፍጥነቱ፣ ክራሩ፣ ዝምታዋ ያለአንተ ፈቃድ እንደማይነኩ፤ እርማት ስንት ዙር እንደሆነ፤ ሁለት ዙር ይበቃል። ፕሮጀክቱን በፍላሽ መስጠትማ ይቅር! ስቱዲዮህ መጥተው ይስሙ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ የኢኮኖሚ መብትህን ብትሸጥም እንኳ፣ ክብርህን ወይም ዝናህን የሚጎዳ ለውጥ ሲደረግበት የመቃወም መብት ይሰጥሃል። ጥሩ ነው፣ እወቀው። ግን አንዲት ትንፋሽ ዝምታ መጥፋቷ ዝናህን እንዴት እንደጎዳው ዳኛ ፊት ቆመህ ስታስረዳ አስበው። ልጅ ሊወለድልህ ነው፤ ፍርድ ቤት አትመላለስ። ዛሬ በውል የምትጽፋት አንዲት መስመር ትሻልሃለች።

ሰውዬውን እንዲህ በለው። ሦስቱን ዘፈን ሙሉ እሠራለሁ፣ ሚክሱም የኔ ነው፣ «ቅንብር» ላይም ስሜ ይጻፍ። ቀሪውን ሦስት ዜማና ግጥሙን ብቻ ልስጥህ፤ ለማንም አስቀናብረው፣ ስሜ ግን «ዜማ» ላይ እንጂ «ቅንብር» ላይ አይግባ። ብሩ ትንሽ ይቀንሳል። ስምህ ግን ባልሠራኸው ሥራ ላይ አይለጠፍም። ታክሲው ውስጥ ያቃጠለህም ይሄ ነው መሰለኝ። እናትህን ደግሞ ሰላም በልልኝ፤ ጥያቄያቸው ከኔ መልስ ይበልጣል።

አንድ ነገር ደብዳቤህ ውስጥ አጣሁ። ድምፃዊቷን አናግረሃታል? ፕሮዲውሰሩን፣ ረዳቱን፣ እናትህን ጠቅሰሃል፤ እሷ ምን እንዳለች አልነገርከኝም። ምናልባት እሷም ኦቶቲዩኑን የሰማችው ከተለቀቀ በኋላ ይሆናል። ከሰውዬው ጋር ከመቀመጥህ በፊት ማኪያቶ ጋብዛትና ያንተን ቅጂ አሰማት። ሰውዬው እሷን ላለማጣት የሚያደርገውን ለአንተ ሲል አያደርገውም።

ግን ከማሰማትህ በፊት የቅድሙን አንድ ነገር አስተካክል። ያንተ ሚክስ ላይ ሁለተኛው ስንኝ አይሰማም። ግጥሙን ለመያዝ አራቴ መለስኩት፤ ክራሩ ውጦታል። ድምጿን ትንሽ ከፍ አድርግላት።