ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የዘንዶ መንጋጋ አጥንት ይሰብራል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ጎንደር አዘዞ ነው። ታናሽ ወንድሜ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ነበር። ከስድስት ቀን በፊት ጀሪካን ይዞ ውሃ ሊቀዳ ወንዝ ሲወርድ ዘንዶ እጁን ነከሰው። ጓደኞቹ ጎትተው አላቀቁት። ቁስሉን በአረቄ አጥበው በጨርቅ አሰሩለትና ወደ ቤት መጣ። ከትናንት ወዲህ እጁ አብጧል፣ ያቃጥለዋል። ጎረቤቶቻችን «የዘንዶ መንጋጋ አጥንት ያደቃል፤ ወጌሻ ጋ ውሰደው» ይሉኛል። እውነት አጥንቱ ተሰብሮ ይሆን? መርዝስ ሊኖረው ይችላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ወንድምዎን ወጌሻ ጋ አይውሰዱት። ዛሬውኑ ሆስፒታል ይውሰዱት። ያበጠ፣ የሚያቃጥል ቁስል ሲታሽ ኢንፌክሽኑ ወደ ውስጥ ይሰራጫል።

አጥንት መሰባበር የጅብ ሥራ ነው። የአዞም ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የአንድ ትልቅ አዞ ንክሻ ከ16,000 ኒውተን በላይ እንደሚደርስ አሳይቷል። ከ1,600 ኪሎ በላይ ሸክም በሉት። የዘንዶ መንጋጋ ግን እንዲህ ላለ ሥራ አልተሠራም። የታችኛው መንጋጋው ግራና ቀኝ እንደ እኛ አገጭ በአጥንት አልተገጣጠመም፤ የሚያያይዘው የሚለጠጥ ጅማት ነው። ድኩላ የሚያህል እንስሳ ሳያኝክ የሚውጠው ለዚህ ነው። እንዲህ የላላ መንጋጋ በኃይል ጨምቆ አጥንት ሊያደቅ አይችልም።

ታዲያ ለምን አይለቅም? ጥርሱ ነው። ላይ አራት ረድፍ፣ ታች ሁለት ረድፍ ጥርስ አለው። ሁሉም እንደ መንጠቆ ወደ ጉሮሮው የታጠፉ ናቸው። እጅ ወደ ውጭ በተጎተተ ቁጥር የበለጠ ይገባሉ፣ ሥጋውንም ይቀዳሉ። ጓደኞቹ የጎተቱት ደንግጠው ነው፤ አልፈርድባቸውም። ግን የወንድምዎን እጅ ከንክሻው ይልቅ የጎዳው ጉተታው ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ሲያጋጥም መጀመሪያ የእባቡን ጭንቅላት ወደ ፊት ገፋ አድርጎ ጥርሱን ማላቀቅ፣ ከዚያ ማንሳት ነው። ከተጠመጠመ ደግሞ ከጅራቱ ጀምሮ መፍታት። ለአንድ ሰው የሚቻል ሥራ አይደለም፤ እርዳታ ይጠራል።

የዘንዶ እውነተኛ ኃይል ያለው ጥምጥሙ ላይ ነው። ድሮ የሚያጠቃውን እንስሳ የሚገድለው ትንፋሽ አሳጥቶ ነው ይባል ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት ግን የቦአ (እንደ ዘንዶ ተጠምጥሞ የሚገድል ሌላ እባብ) ጥምጥም በሰከንዶች ውስጥ የደም ዝውውርን እንደሚያቆም አሳየ። ስለዚህ አንገትና ደረት ላይ ለተጠመጠመ ዘንዶ አንድ ደቂቃም ረጅም ጊዜ ነው።

አሁን ወደ እጁ እንመለስ። ዘንዶ መርዝ የለውም። ግን ስስ ጥርሱ ሲጎተት ተሰብሮ ሥጋ ውስጥ ይቀራል። አንድ ጊዜ ከታካሚ ጣት ላይ በመቆንጠጫ ያወጣሁት ትዝ ይለኛል። ጎርጎራ ዓሣ የበላ ሰው የሚያውቀውን ዓይነት እሾህ ይመስል ነበር፤ ግልጥልጥ ያለ፣ ጫፉ የታጠፈ። ቁስሉ ከላይ ድኖ ነበር፤ ከሥሩ ግን መግል ቋጥሯል። ለወንድምዎም ራጅ ይነሳለት። ቁስሉ በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠባል፣ እንደ አስፈላጊነቱ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። እንዲህ ያለ ቁስል ቶሎ በክር ባይሰፋ ይሻላል፤ ስፌቱ መግሉን ዘግቶ ያስቀረዋል።

የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትን ነገር አደራ። የሀገራችን እናቶች በእርግዝና ጊዜ ይከተባሉ፤ ብዙ ወንዶች ግን ካደጉ በኋላ መርፌውን አይተውት አያውቁም። በሽታው ብዙ ጊዜ ከቁስሉ በኋላ ከ3 እስከ 21 ቀን ውስጥ ይጀምራል። ወንድምዎ ስድስተኛ ቀኑ ላይ ነው፤ አልረፈደም። የውሻ በሽታ ክትባት ግን አያስፈልገውም፤ እባብ አያስተላልፈውም።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ደግሞ አለ። ዘንዶ መሆኑን በምን አወቁ? ቆላ ውስጥ እፉኝትም አለ። አጭር፣ ወፍራም፣ ዥጉርጉር ነው፤ የዘንዶ ግልገል ነው ብሎ የሚሳሳት ሰው አይጠፋም። እፉኝት ግን ሁለት ረጃጅም የመርዝ ጥርስ አለው፤ መርዙም ሥጋ ያበሰብሳል። የዘንዶ ንክሻ እንደ መርፌ ወጋ ወጋ ያደረገ፣ በቅስት የተደረደረ ብዙ ቀዳዳ ይተዋል። ወንድምዎ አምስት ቀን ያህል በደህና ቆይቶ ትናንት ማበጡ ወደ ኢንፌክሽኑ ያደላል። የመርዝ እብጠት በሰዓታት ውስጥ ወደ ክንድ ይወጣል፤ ድድ ሊደማ፣ የዓይን ቆብ ሊወድቅ ይችላል።

እንዲህ ያለ ምልክት ካለ ላቦራቶሪ በሌለበት ጤና ጣቢያም የሚሠራ ምርመራ አለ። ትንሽ ደም በንጹሕ ደረቅ የመስታወት ቱቦ ይቀዳና 20 ደቂቃ ሳይነካ ይቀመጣል። ከዚያ ቱቦው ዘንበል ይደረጋል። ደሙ ካልረጋና ከፈሰሰ የእፉኝት መርዝ ይጠረጠራል። የመርዝ ማርከሻው ለእውነተኛ የዘንዶ ንክሻ አይጠቅምም፤ ከባድ አለርጂ ሊያስከትልም ይችላል። ሳይመረመሩ «መርፌው ይሰጠው» ብለው አይለምኑ።

በመንገድ ላይ እጁን ከፍ አድርጎ ይያዝ። የታሰረው ጨርቅ ይፈታ፣ ቀለበት ካለው ይውለቅ። ጣቶቹን ማጠፍና መዘርጋት ካቃተው ወይም ካተኮሰው ገና በር ላይ ለተረኛው ሐኪም ይንገሩ፤ ወረፋ አይጠብቁ።