ኢንቫደንስ እና ዶርሳሊስ፦ የማንጎው ዝንብ አንድ ነው ወይስ ሁለት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አርባ ምንጭ ዙሪያ ሠላሳ ያህል የማንጎ ዛፍ አለኝ። ፍሬው መብሰል ሲጀምር ውስጡ ነጫጭ ትል ይሞላና ይረግፋል። ከዓመታት በፊት ሥልጠና ላይ የሰጡን ወረቀት ተባዩን «ባክትሮሴራ ኢንቫደንስ» ይለዋል። ዘንድሮ ልጄ ያመጣልኝ ወረቀት ደግሞ «ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ» ይላል። መድኃኒት ሻጩን ብጠይቀው «ሁለት ዝንብ ነው፣ ለየአንዳንዱ ወደ ወጥመድ የሚስበው የየራሱ ማማለያ ያስፈልጋል» አለኝ። የሁለቱ ዋጋ አይቀመስም። እውነት ሁለት ዓይነት ዝንብ ነው ያለብኝ?

መልስ፦ አባቴ፣ በእነዚህ ሁለት ስሞች ምክንያት ሁለተኛ ማማለያ አይግዙ። ኢንቫደንስም ዶርሳሊስም የአንዲት ዝንብ ስሞች ናቸው። በቆሎን በአንዳንድ አገር «የባሕር ማሽላ» ይሉት የለ? እህሉ አንድ ነው፤ ይቺም እንደዚያው ናት። ብቻ የእሷ ስም የተለወጠበት ምክንያት ኪስዎን ስለሚነካ ታሪኩን ልንገርዎ።

ዝንቧ የእስያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1912 ፍሪድሪክ ሄንዴል የተባለ የኦስትሪያ ሳይንቲስት ከታይዋን የመጡ ናሙናዎችን መርምሮ «ዶርሳሊስ» አላት። ሳይንሳዊ ስም ሁለት ቃል ነው። እኛ የራሳችንን ስም አስቀድመን የአባትን እናስከትላለን፤ እነሱ ግን የወገኑን ስም ያስቀድማሉ። ስለዚህ «ባክትሮሴራ» የወገኗ፣ «ዶርሳሊስ» የራሷ መጠሪያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 ኬንያ ውስጥ ከዚያ በፊት በአፍሪካ ያልታየች ዝንብ በወጥመድ ተያዘች። ከእስያ እንደመጣች ቢገመትም የጀርባዋ ቀለም ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል፤ አንዷ ጥቁር፣ ሌላዋ ቀይ ቡናማ ትሆናለች። መርማሪዎቹ ከታወቁት አንዷ ናት ለማለት ስላልደፈሩ በ2005 አዲስ ስም አወጡላት፤ ኢንቫደንስ፣ በላቲን «ወራሪ» ማለት ነው። ስሙስ አላበዛባትም፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ አፍሪካ ተዛምታ የእኛም አገር ማንጎ ላይ ደርሳለች። የእርስዎ የቀድሞ ወረቀት የተጻፈው በዚያን ጊዜ ስም ነው።

ከዚያ በኋላ የበርካታ አገር ተመራማሪዎች የአፍሪካዋንና የእስያዋን ዝንብ ጎን ለጎን አድርገው መረመሩ። የክንፋቸውን ቅርጽ ለኩ፤ ዘረ መላቸውን አነጻጸሩ፤ ወንዶቹ ሴቶቹን ለመሳብ የሚያወጡትን ሽታ ፈተሹ፤ እርስ በርስም አዳቀሏቸው። ሳይቸገሩ ተዳቀሉ፤ ልጆቻቸውም መውለድ ቻሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኢንቫደንስ ከዶርሳሊስ የተለየች አይደለችም ተብሎ ታተመ። በእንስሳት ስም አወጣጥ ሕግ ደግሞ አንድ ፍጡር ሁለት ስም ከተገኘበት ቀድሞ የታተመው ይጸናል። 1912 ከ2005 ይቀድማልና ዶርሳሊስ ጸና። በዚህ ውሳኔ የማይስማሙ ባለሙያዎች ስላሉ የቀድሞውን ስም ሌላ ወረቀት ላይ ሊያገኙት ይችላሉ፤ አይደናገሩ። ለእርስዎ ወጥመድ የሚለወጥ ነገር የለም፤ ሜቲል ዩጂኖል የሚባለው ማማለያ በሁለቱም ስም የተጠራችውን ወንድ ዝንብ ይስባል።

ለእኛ ለግብርና ሰዎች የስሙ መስተካከል ትልቅ ነገር ነው። ዶርሳሊስ ሃዋይ ደሴቶች ላይ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ ስትጠና ኖራለች። በዝንቧ እንቁላል ውስጥ የራሷን እንቁላል ጥላ የምትገድላት «ፎፒየስ አሪሳነስ» የተባለች ትንሽ ተርብ ጠላቷ መሆኗ የታወቀው እዚያ ነው፤ ወደ አፍሪካም መጥታ ተለቃለች። ስሙ ሲገጥም የአንዱ አገር እውቀት ለሌላው ይደርሳል። ሲሳሳት ደግሞ ገበሬ ለማይረባው ነገር ይከፍላል፤ በእርስዎ ላይ ሊደርስ የነበረው ይኸው ነው፣ አሳዘነኝም።

አሁን ወደ ማሳዎ እንመለስ። ሻጩ ስለ ስሞቹ ቢሳሳትም፣ በእውነት የተለየች ሌላ ዝንብ ማንጎዎ ላይ ልትኖር ትችላለች። የአፍሪካ የራሷ የሆኑ «ሴራታይቲስ» የሚባሉ ዝንቦች አሉ፤ እነሱ ሜቲል ዩጂኖል አይስባቸውም። ትሉን አይተው መለየት አይችሉም፤ እኔም በዓይኔ አልችልም፣ ሁሉም ነጭ ነው። ስለዚህ ዝንቡን ያስፈልፍሉ። ትል ያለባቸውን አምስት ስድስት ማንጎዎች ደረቅ አሸዋ ባለበት ባልዲ ውስጥ ያስቀምጡ፤ አፉን በስስ ጨርቅ ሸፍነው አጥብቀው ይሰሩ። ትሎቹ ፍሬውን ለቀው አሸዋው ውስጥ ይገቡና ሙሽሬ ይሆናሉ፤ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ዝንብ ሆነው ይወጣሉ። እንደወጡ ቀለማቸው ገና ስለሆነ አይቸኩሉ፤ በስኳር ውኃ የራሰ ጥጥ አስገብተው ሁለት ሦስት ቀን ያቆዩአቸው።

ከዚያ ክንፋቸውን ይመልከቱ። ክንፉ ጥርት ያለ፣ ጠርዙ ላይ ብቻ ጥቁር መስመር ያለው፣ ትከሻው ላይ ግራና ቀኝ ቢጫ ሰንበር፣ ሆዱ ላይ ጥቁር የ«T» ፊደል ዓይነት ምልክት ካለው ዶርሳሊስ ናት። ክንፉ ቢጫና ቡናማ ዥንጉርጉር ከሆነ ሴራታይቲስ ናት። ከተጠራጠሩ ዝንቦቹን ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል ጠርሙስ ውስጥ ነክረው አርባ ምንጭ ለሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ያድርሱ፤ የተሰበሰበበትን ቀን፣ ቀበሌውንና የፍሬውን ዓይነት በእርሳስ ጽፈው ጠርሙሱ ውስጥ ይክተቱ። በእስክሪብቶ ከጻፉት አልኮሉ ያጠፋዋል። (በጠላ ጋንና በበሰበሰ ሙዝ ላይ የምታንዣብበውን ትንኝ ግን አይላኩልን፤ የሌላ ቤተሰብ ናት፣ ጤነኛ ማንጎ አትወጋም።)

ስለ ማማለያው አንድ ነገር ልጨምር። ሜቲል ዩጂኖል ወደ ወጥመድ የሚስበው ወንዱን ነው፤ ፍሬ የምትወጋው ሴቷ ናት። ሴቷ እንቁላሏን ለማድረስ ፕሮቲን ስለምትፈልግ ፀረ ተባይ የተቀላቀለበት የፕሮቲን ማማለያ ይረጫል፤ ዛፉን ሙሉ ሳይሆን አንድ ካሬ ሜትር ገደማ ቅጠል ላይ ብቻ፣ ፍሬው ከመብሰሉ በፊት ጀምሮ በየሳምንቱ። ለሁለተኛው ማማለያ ሊያወጡት የነበረው ገንዘብ እዚህ ላይ ይዋል።

ያለ ገንዘብ የሚሠራው ደግሞ የረገፈውን መልቀም ነው፤ ዶርሳሊስም ሴራታይቲስም አያመልጡበትም። ፍሬው መሬት ላይ ሲያድር ትሉ አፈር ውስጥ ይገባል። በየቀኑ፣ ካልተቻለ በሳምንት ሁለቴ ይልቀሙ፤ በጥቁር ላስቲክ ከረጢት አስረው ትሉ እስኪሞት ፀሐይ ላይ ያቆዩት፣ ወይም ከግማሽ ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ይቅበሩት። ጎረቤቶችዎንም አብረው እንዲለቅሙ ያስተባብሩ፤ ዝንቧ አጥር አያግዳትምና።