ከቲቪ ዲነር ምን እንውሰድ፣ ምን እንተው?

ወገኖቼ፣ አሜሪካ የምትኖሩ ሁሉ የሱፐርማርኬቱን ረጅም የፍሪዘር መደርደሪያ ታውቁታላችሁ። ሥጋው፣ ድንቹና አተሩ በአንድ ትሪ ላይ ተከፋፍሎ፣ በካርቶን ታሽጎ ይጠብቃችኋል። ቲቪ ዲነር የሚባለው ይህ ነው። በተለይ ሁለት ሥራ የምትሠሩና ሌሊት ሺፍት የምትገቡ አዘውትራችሁ ትገዙታላችሁ። አትብሉት አልልም። ግን ታሪኩን ብታውቁ አጠቃቀማችሁ ይለወጣል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ የተጀመረው አውሮፕላን ላይ ነው። በፈረንጆቹ 1940ዎቹ አጋማሽ ማክሰን የሚባል ድርጅት በበረራ ላይ የሚሞቅ ፍሮዝን ምግብ አዘጋጀ። ቀጥሎ የፒትስበርጎቹ የበርንስታይን ወንድማማቾች ባለ ሦስት ክፍል የአሉሚኒየም ትሪ ይዘው ገበያ ወጡ። ቲቪ ዲነር የሚለውን ስም በሰው አፍ ያስገባው ግን በ1950ዎቹ መጀመሪያ የኦማሃው ስዋንሰን የሚባል ድርጅት ነው። ከታንክስጊቪንግ የተረፈ 260 ቶን ተርኪ መላ ሲፈለግለት ተፈጠረ የሚለውን ታሪክ ሰምታችሁ ይሆናል። ታሪኩ ያከራክራል፤ ሐሳቡ የራሳቸው የስዋንሰን ወንድማማቾች ነው የሚሉም አሉ።

እኔ የማደንቀው ቤቲ ክሮኒንን ነው። የስዋንሰን ወጣት የባክቴሪያ ባለሙያ ነበረች። ሥጋ፣ አተርና ስኳር ድንች እኩል አይበስሉም። አንዱ ሳያር ሌላው ጥሬ ሳይቀር፣ ጀርሙም ሞቶ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲደርስ ያደረገችው እሷ ናት። በ98 ሳንቲም ተገዝቶ ኦቨን ውስጥ 25 ደቂቃ ይቆይና እራት ደረሰ ማለት ነው። በ1954 ብቻ 10 ሚሊዮን ያህል ተሸጠ።

ጊዜውም አግዞታል። በ1950 ቴሌቪዥን ያለው ከአሥር የአሜሪካ ቤት አንዱ ቢሆን ነው። በ1954 ከግማሽ በላይ ሆነ። ሚስቶቻችን ማብሰል ተዉ ብለው ለድርጅቱ የቁጣ ደብዳቤ የጻፉ ባሎችም ነበሩ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ነኝ። ቁሌት ሲያቁላሉ ውለው ዓይናቸው የሚቀላ እናቶችን የሚያውቅ ሰው በዚያ እፎይታ ሊፈርድ አይችልም።

የሚያሳዝነኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ኦቨኑ ቢያንስ የቤተሰቡን ትሪ ሁሉ አንድ ላይ ያሞቅ ነበር። በ1986 ስዋንሰን አሉሚኒየሙን ማይክሮዌቭ በሚችል ትሪ ተካው። ማይክሮዌቭ ደግሞ የሚያሞቀው አንድ አንድ ትሪ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ በራሱ ሰዓት፣ የራሱን ምግብ፣ ስክሪን እያየ መብላት ቀለለው። ይህ በእኛም ቤት ገብቷል። አባት ከሥራ ሲገባ ልጁ ክፍሉ ውስጥ በልቶ ጨርሷል። እዚህ የተወለደ ልጅ አማርኛውን የሚሰማውም፣ ጉርሻ የሚቀበለውም፣ ስለ አያቱ የሚጠይቀውም ገበታ ላይ ነው። ሺፍታችሁ የሚገጣጠምበትን ሰዓት ፈልጉ፤ የቅዳሜ ቁርስም ቢሆን። ቴሌቪዥኑን አጥፉና ከአንድ ትሪ ብሉ።

ፍሪዘሩን ግን ሳታፍሩ ተጠቀሙበት። በእረፍት ቀናችሁ ቁሌቱን በብዛት ሠርታችሁ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍላችሁ አስቀምጡ። ቁሌት ካለ ሽሮ ለመሥራት ጊዜ አይፈጅም። ወጥ በትልቅ ድስት እንዳለ አይግባ፤ ጠፍጣፋ ዕቃ ላይ ከተደረገ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ከእሳት ከወረደ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። እንደ ክሮኒን አስቡ፤ ሁሉም ምግብ ፍሪዘርን እኩል አይችልም። የዶሮ ወጡን እንቁላል አስቀድማችሁ ብሉት፤ ፍሪዘር ሲገባ ነጩ እንደ ጎማ ይሆናል። የአልጫ ድንችም ይፈረፈራል። እንጀራውን አጥፋችሁ ለብቻው በላስቲክ ጠቅልሉ። ስታሞቁ መሃሉ ድረስ ይሙቅ፣ ቢያንስ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ቅዝቃዜ ጀርሙን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም።

የተዘጋጀውን ስትገዙ ካርቶኑን አገላብጡ። ሶዲየም የሚለው መስመር ላይ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ካያችሁ ጨው በዝቶበታል። ደም ግፊት ያለባቸው እናትና አባት ቤት ካሉ ለእነሱ አይሁን። ለጿሚዎች ደግሞ ሥጋ የለበትም ማለት የጾም ነው ማለት አይደለም። አትክልት ብቻ የሚመስለው ምግብ ብዙ ጊዜ ቅቤ ወይም አይብ አለበት። ወተት አለርጂ ስለሚያስነሳ ሕጉ ካርቶኑ ላይ እንዲጻፍ ያስገድዳል፤ በቅመሞቹ ዝርዝር ውስጥ ወይም ከሥሩ ፈልጉት። የሥጋ ወይም የዶሮ መረቅም ይኖርበታልና ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ሙስሊም ወገኖቼ የአሳማ ስብና ጄላቲን መኖሩን እዚያው ታገኙታላችሁ።