የሎጂክ ምልክትን ከዜሮ በታች ስለማውረድ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ማይክሮኮንትሮለሬ 0 እና 5 ቮልት ያወጣል፤ ምልክቱን የሚቀበለው ሰርኪዩት ግን −5 እና 0 ቮልት ይፈልጋል። ኤልኤም393 ኮምፓራተር (ሁለት ቮልቴጆችን የሚያነጻጽር አይሲ፣ ማለትም የተቀናጀ ሰርኪዩት) ይህን ሊሠራ ይችላል?

መልስ፦ ይችላል፤ ምክንያቱም መውጫው ኮሌክተሩ (ከረንት የሚገባበት ጫፍ) ክፍት የሆነ፣ ማለትም በውስጥ ከአቅርቦት ጋር ያልተያያዘ ትራንዚስተር ሲሆን፣ የትራንዚስተሩ ኤሚተር (ከረንት የሚወጣበት ጫፍ) ደግሞ በአይሲው ውስጥ ከ4ኛው እግር ጋር ተያይዟል። ስለዚህ 4ኛውን እግር ከ−5 ቮልት፣ 8ኛውን ከ+5 ቮልት ጋር አገናኝተው ከመውጫው ወደ ግራውንድ አንድ ሬዚስተር ቢያስገቡ፣ ትራንዚስተሩ ሲያስተላልፍ መውጫው ወደ −5 ቮልት ተጠግቶ ይወርዳል፤ ማስተላለፉን ሲያቆም ደግሞ ሬዚስተሩ ወደ 0 ቮልት ይመልሰዋል። ምልክቱን በፖዘቲቭ መግቢያ፣ የማነጻጸሪያውን ቮልቴጅ በኔጌቲቭ መግቢያ ያስገቡ፤ ቦታ ቢያለዋውጧቸው መውጫው ይገለበጣል። ማነጻጸሪያው ለ5 ቮልት ሲሞስ 2.5፣ ለቲቲኤል 1.4 ቮልት ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው (ሲሞስና ቲቲኤል የሎጂክ አይሲ ዓይነቶች ናቸው)። የዚህ አይሲ መግቢያ በትክክል የሚሠራው ከላይኛው አቅርቦት 1.5 ቮልት ዝቅ እስካለ ድረስ፣ ማለትም እዚህ እስከ 3.5 ቮልት ነው፤ ሆኖም ማነጻጸሪያው ከዚህ በታች እስካለ ድረስ ምልክቱ 5 ቮልት መድረሱ ውጤቱን አያዛባም።

ጥያቄ፦ ሬዚስተሩን 10 ኪሎኦም አደረግሁት። ምልክቱ ሲወርድ ፈጣን፣ ሲወጣ ግን ዘገምተኛ ሆነ። ለምን?

መልስ፦ ወደ ታች የሚስበው ትራንዚስተሩ ሲሆን ወደ ላይ የሚመልሰው ግን ሬዚስተሩ ብቻ ነው። መስመሩ 50 ፒኮፋራድ ካፓሲታንስ ቢኖረው፣ ከ10 ኪሎኦም ጋር የጊዜ ቋሚው (የሬዚስተሩና የካፓሲታንሱ ብዜት፣ የመውጣት ፍጥነቱን የሚወስነው) 500 ናኖሰከንድ ይሆናል፤ በ1 ኪሎኦም ወደ 50 ይወርዳል። ይሁን እንጂ 1 ኪሎኦም በ5 ቮልት 5 ሚሊአምፔር ያህል ያሳልፋል፣ አምራቹ ዋስትና የሚሰጠው ዝቅተኛው የመሳብ አቅም ደግሞ 6 ሚሊአምፔር ነው፤ ስለዚህ ከ1 ኪሎኦም በታች መውረድን አልመክርም። ከ−12 እስከ +12 ቮልት ለሚወዛወዝ መውጫ 4.7 ኪሎኦም ይበቃል። አይሲው ራሱ ሰፊ የሎጂክ ምልክት ሲሰጠው እንኳ 0.3 ማይክሮሰከንድ ያህል ስለሚዘገይ፣ ለፈጣን ሰዓት ምልክት ሌላ መፈለግ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በእጄ ያለው ኤልኤም358 ኦፕአምፕ (የቮልቴጅ ልዩነትን የሚያጎላ አይሲ) ብቻ ነው። በእሱ ልተካው?

መልስ፦ ለአዝጋሚ ምልክት ካልሆነ በቀር አይተኩት። ቮልቴጁ በማይክሮሰከንድ 0.3 ቮልት ያህል ብቻ ስለሚለወጥ 10 ቮልት ለመጓዝ ከ30 ማይክሮሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ከዚያም በላይ ወደ ላይ የሚገፋው ራሱ ስለሆነ 0 ቮልት ላይ አይቆምልዎትም።

ጥያቄ፦ በተቃራኒውስ? የ−5 እና የ0 ቮልት ምልክትን ወደ 5 ቮልት ሎጂክ መመለስ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ እዚህ ላይ ኤልኤም393 አይመችም፤ ዝቅተኛው ደረጃው ምንጊዜም 4ኛው እግር ያለበት ኔጌቲቭ ቮልቴጅ ስለሆነ የማይክሮኮንትሮለሩን መግቢያ ሊያበላሽ ይችላል። ኤልኤም311 ግን ኤሚተሩን ለብቻው በ1ኛው እግር ያወጣል። 4ኛውን እግር ከ−12፣ 8ኛውን ከ+12 ቮልት፣ 1ኛውን ከሎጂኩ ግራውንድ ጋር ያገናኙ፤ 7ኛውን በሬዚስተር ወደ 5 ቮልት ይሳቡ፤ ማነጻጸሪያውንም −2.5 ቮልት ላይ ያድርጉት።