ከሲትኮም ወደ ልቦለድ፦ ለደብረ ማርቆሷ ጸሐፊ

እህቴ፣ መልእክትሽ ደርሶኛል። ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብለሽ አዲስ አበባ ለሚቀረጽ ሲትኮም (ተከታታይ የቴሌቪዥን ኮሜዲ) በቴሌግራም ስክሪፕት ትልኪያለሽ። አሁን ሥራውን ትተሽ ልቦለድ መጀመር አምሮሻል። «ቀልድ ስጽፍ የኖርኩትን ማን ደራሲ ብሎ ይቀበለኛል?» ብለሽ ጠይቀሻል።

አንባቢ ይቀበልሻል። አሜሪካዊቷ ማሪያ ሴምፕል ለዓመታት የቴሌቪዥን ኮሜዲ ጽፋ ነው በ2008 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ልቦለዷን ያሳተመችው። ስሟን ያስጠራው ግን በ2012 የወጣው ሁለተኛው ነው፤ አብዛኛው በኢሜይል፣ በደብዳቤና በሰነድ የተዋቀረ ነው። ሰው ሲናገር ማንነቱ እንዲታወቅ ማድረግ የስክሪፕት ጸሐፊ ሙያ ነው። እሷ ሙያዋን ይዛ ነው የተሻገረችው። ይሄ አንቺም ጋ አለ።

የሚጎድልሽ ሌላ ነው። ስክሪፕት ላይ «አልማዝ ደብዳቤውን ታነባለች፤ ትደነግጣለች» ብለሽ ታልፊያለሽ። ቀሪውን ተዋናይዋ ትሠራልሻለች፤ ካሜራው ይጠጋታል፣ ሙዚቃ ይገባል። ልቦለድ ላይ ማንም አያግዝሽም። ደብዳቤውን አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው ወይስ እናቷ እንድታየው መሶቡ ላይ ተወችው? መጀመሪያ ማን ትዝ አላት? ይህን ሁሉ የምትጽፊው አንቺ ነሽ።

ስለዚህ ከጻፍሻቸው ክፍሎች አንዱን ምረጪና በልቦለድ መልክ አሥር ገጽ አድርጊው። ለመለማመጃ ብቻ ይሁን። በቅጂ መብት አዋጁ (ቁጥር 410/1996) መሠረት በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የቀጣሪው ወይም የአዛዡ ነው። ውልሽን ደህና አድርገሽ አንብቢው። ለሚታተመው መጽሐፍ አዲስ ገጸ ባሕርያት ፍጠሪ። ቁም ነገረኛ ለመምሰል ብለሽም ቀልድሽን እንዳትጥዪው፤ ትልቁ ሀብትሽ እሱ ነው።

ሥራሽን ግን አደራ፣ አትልቀቂ። እኛ አገር ብዙ ጊዜ የማሳተሚያው ወጪ ደራሲው ላይ ነው የሚወድቀው። የአገርሽ ልጅ ክቡር ሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ለብዙ ዓመታት በዲፕሎማትነትና በመንግሥት ሥራ ካገለገሉ በኋላ ነው። ስክሪፕት ባስረከብሽ ማግስት ያለውን ጠዋት ለልቦለዱ ያዢው፤ ስልክሽንም አጥፊው።

አሥሩ ገጽ ሲያልቅ ሲትኮሙን አይቶ ለማያውቅ ሰው አስነብቢ። ታሪኩ ከገባው ልቦለዱን ጀምሪ። ካልገባው የቱ ጋ እንደጠፋበት ጠይቂውና ያንን ገጽ እንደገና ጻፊው።